ለሚኒባስ አሎይ ቸርኬ ስትገጥሙ መጀመሪያ ዳዶውን እዩ

ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ለሃይኤስ የሚሆን አሎይ (የአሉሚኒየም) ቸርኬ ብትጠይቁ የመጀመሪያው መልስ «ስድስት ብሎን ነው፣ ይገባል» ነው። ውሸት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ይገባል። መግባትና በደንብ መቀመጥ ግን ለየቅል ናቸው። ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት ክብ ብረት) ላይ ገብቶ፣ ዳዶው የጠበቀ መስሎ፣ ከውጭ ሲያዩትም አምሮ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ግን ብሎን እየቆረጠ የሚያስቸግር ቸርኬ አለ። ሲመረመር ቸርኬው ደህና ሆኖ ይገኛል። ጉዱ ያለው ዳዶው ላይ ነው፤ ከአሮጌው የብረት ቸርኬ የተፈታው ዳዶ ተመልሶ አሎዩ ላይ ታስሯል።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለ ቶዮታ ሃይኤስ ነው። ዶልፊንም በሉት አባዱላ፣ እኛ አገር አሮጌ ቫን ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። በፈረንጆቹ 1989 የወጣው ሞዴል ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ 2004 የወጣው ደግሞ መንገዱን ሞልቶታል። አሠራሩ ለሌላ ቫንም ያገለግላል። ቁጥሮቹን ግን እንዳለ አትገልብጡ። በነገራችን ላይ፣ ብሎን ስል ሞዞው ላይ የተተከለውን ባለጥርስ ዘንግ፣ ዳዶ ስል እላዩ ላይ የሚጠብቀውን ማለቴ ነው። ጎሚስታ ቤት ሁለቱንም ብሎን ስለሚሉ ስትገዙ መለየቱ ይጠቅማል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልናገር። መኪናው ቀኑን ሙሉ ታክሲ የሚሠራ ወይም ፒስታ መንገድ ላይ የሚውል ከሆነ የብረት ቸርኬውን ባትነኩት ይሻላል። የብረት ቸርኬ ጉድጓድ ሲመታ ይጣመማል፣ ጎሚስታው በመዶሻ አቃንቶ ይሰዳችኋል። አሎይ ግን ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ አሎይ አስበይዶ ሰው የጫነ ሚኒባስ ላይ መግጠም ደግሞ በፍጹም የማልመክረው ነገር ነው። ለቤተሰብ፣ ለቱር ወይም ለድርጅት አገልግሎት የሚውል መኪና ከሆነ ግን ግጠሙ፣ ያምርበታል።

ሞዞውን መለካት

ቸርኬ ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ አውልቁና ለኩ። የሚያስፈልጋችሁ ሜትርና ካሊብሮ (ከሚሊሜትር ያነሰ ልዩነት የሚያሳይ መለኪያ) ነው። ካሊብሮ ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት አይጠፋም።

መጀመሪያ ብሎኖቹን ቁጠሩ። የ2004ቱ ሃይኤስ ስድስት ብሎን ነው። ከዚያ በፊት ባለው ግን ባለ አምስትም ስላለ፣ ሳትቆጥሩ በሰው ወሬ አትሂዱ። ቀጥሎ ብሎኖቹ የተሰለፉበትን ክብ ስፋት ለኩ። ባለ ስድስቱ ላይ ቀላል ነው፣ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ብሎኖች ከመሃል እስከ መሃል ትለካላችሁ። መሃሉን በዓይን መገመት ካስቸገረ ከአንዱ ብሎን ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ውጫዊ ጠርዝ ለኩና የአንድ ብሎን ውፍረት፣ ማለትም 12 ሚሊሜትር ቀንሱ። 139.7 ሊመጣላችሁ ይገባል። ባለ አምስቱ ላይ ፊት ለፊት የሚተያይ ብሎን የለም። እዚያ የጎን ለጎን ሁለቱን ከመሃል እስከ መሃል ለክታችሁ በ1.701 ታባዛላችሁ። 67.2 ሚሊሜትር ከሆነ ክቡ 114.3 ነው ማለት ነው። 65.8 ቢሆን ግን 112 ነው፣ እሱም የጀርመን መኪኖች ልክ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ በሜትር ሳይሆን በካሊብሮ ለኩት።

ከዚያ የሞዞው እምብርት አለ። ቸርኬው መሃል ባለው ቀዳዳ ወጣ ብሎ የሚታየው ክብ ብረት ማለቴ ነው። በ2004ቱ ሃይኤስ ላይ 106.1 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የአይሱዙ ዲማክስ ቸርኬ ስድስት ቀዳዳ አለው፣ ክቡም ያው 139.7 ነው። የመሃል ቀዳዳው ግን 100.1 ነው። የሚትሱቢሺ ኤል 200 ደግሞ 67.1። ብሎኖቹ ልክክ ብለው ይገባሉ፣ እምብርቱ ግን አያስገባም። «ቶርኖ ቤት ወስደን እናሰፋዋለን» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ከብሎን ቀዳዳዎቹ አጠገብ ያለውን አሉሚኒየም እያሳሳችሁ ነው። መሃሉን ትንሽ ከሳተው ደግሞ ጎማው ዕድሜውን ሙሉ ሲወዛወዝ ይኖራል።

የቸርኬው ቀዳዳ ከእምብርቱ ከሰፋስ? ለምሳሌ 110 ቢሆን? ያ መፍትሔ አለው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት በልኩ ይገዛል ወይም ቶርኖ ቤት ይሠራል። ቀለበቱ ጭነት ለመሸከም አይደለም የሚገባው። ዳዶ ስታስሩ ቸርኬው መሃሉን ይዞ እንዲቀመጥ ይረዳል።

በመጨረሻ የብሎኑን ጥርስ እዩ። ቶዮታ ሃይኤስ ላይ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ነው። የኒሳንና የሱዙኪ ብዙ መኪኖች ግን 12 በ1.25 ናቸው። ሁለቱም ዳዶዎች በመልክ ብዙም አይለዩም። አንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀላቅለው ቢገኙም አይግረማችሁ። ብሎኑ ላይ ዝገት፣ የተበላ ጥርስ ወይም መጣመም ካያችሁ አሁኑኑ አስቀይሩት። አሮጌ መኪና ላይ ከዚህ በፊት ስንት ጎሚስታ ስንት ጊዜ በጉልበት እንዳሰረው አይታወቅም።

ቸርኬውን ገልብጦ ማንበብ

ሻጩ የሚያሳያችሁ ፊቱን ነው። እናንተ ጀርባውን ገልብጡት። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ስፋቱን «6 ጄ» ወይም «7 ጄ» እየተባለ ታገኙታላችሁ፣ በኢንች ነው። «ኢቲ» የሚለው ቁጥር ደግሞ ቸርኬው ሞዞ ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው መካከል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደራቀ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የ2004ቱ ሃይኤስ የብረት ቸርኬ 15 ኢንች፣ 6 ጄ፣ ኢቲ 35 ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የፕራዶ 120 አሎይ ቸርኬ ስድስት ቀዳዳ ነው፣ ክቡም የመሃል ቀዳዳውም ከሃይኤስ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ሰው ይወደዋል። 17 ኢንች፣ 7.5 ጄ፣ ኢቲ 30 ነው። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የሃይኤሱ ቸርኬ ስፋት 6 ኢንች፣ ማለትም 152.4 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሹ 76.2። ወደ ውስጥ የሚገባው 76.2 ሲደመር 35፣ 111.2 ነው። ወደ ውጭ 76.2 ሲቀነስ 35፣ 41.2። የፕራዶው ግማሽ ስፋት 95.25 ነው። ወደ ውስጥ 125.25፣ ወደ ውጭ 65.25። ስለዚህ ከአሮጌው ይልቅ 14 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ፣ 24 ሚሊሜትር ደግሞ ወደ ውጭ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ጎን ማለት ነው። ውስጥ በኩል መሪ እስከ ጫፍ ሲዞር ይነካ እንደሆነ፣ ውጭ በኩል ደግሞ ከፓራፋንጎው ይወጣ እንደሆነ ሳትሞክሩ ገንዘብ አትክፈሉ። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፣ መሪውም ይከብዳል።

ጀርባው ላይ ምንም ቁጥር የማይታይ ከሆነ ቸርኬውን በፊቱ አስተኙት። ቀጥ ያለ እንጨት ጀርባው ላይ አጋድሙና ከእንጨቱ እስከ ሞዞ ማረፊያው ያለውን ጥልቀት ለኩ። አሮጌውንም እንደዚያው። ልዩነቱ አዲሱ ወደ ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ የጭነት አቅም ነው። ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ በኪሎ ይጻፋል። ሚኒባስ የቤት መኪና አይደለም፤ ሰው ይሞላል፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ ይጫናል። በር አካባቢ ወይም መመሪያ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው የአክሰል ጭነት ግማሹን ውሰዱ። የኋላ አክሰሉ ለምሳሌ 1,800 ኪሎ የሚችል ከሆነ እያንዳንዱ ቸርኬ ቢያንስ 900 ኪሎ መቻል አለበት። ከጃፓን የመጣ ቸርኬ ከሆነ ምልክቱንም ፈልጉ። «ጄ ደብልዩ ኤል» ብቻ ከሆነ ለቤት መኪና የተሠራ ነው። መጨረሻው ላይ «ቲ» ከተጨመረበት ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ በሚሆን ደረጃ የተፈተነ ነው። ለሚኒባስ የምትፈልጉት ባለ «ቲ»ውን ነው። በተለይ ባለ አምስት ብሎኑ አሮጌ ሃይኤስ ላይ የቤት መኪና ቸርኬ መግጠም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይፈተናል። ቀዳዳው ገጠመ ማለት ጭነቱን ቻለ ማለት አይደለም።

ያገለገለ ቸርኬ ከሆነ በውስጥ በኩል ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱ። የተበየደ ቦታ ሻካራ ይሆናል ወይም ቀለሙ ይለያል። ቀለም በደንብ የተቀባ ያገለገለ ቸርኬ ሲያጋጥማችሁ ከመደሰት ይልቅ ተጠራጠሩ።

ዳዶው

ቸርኬውን ሞዞው ላይ አጥብቆ የሚይዘው ዳዶው የሚያርፍበት ገጽ ነው። ዳዶው የሚመረጠው ታዲያ በሁለት ነገር ነው። ጥርሱ በመኪናው ብሎን ልክ፣ ማረፊያው ደግሞ በቸርኬው ቀዳዳ ልክ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያያል።

ማረፊያው በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሾጣጣ ነው፣ የ60 ዲግሪ። የብረት ቸርኬና ብዙዎቹ ከኩባንያው ውጭ የተሠሩ አሎዮች የሚፈልጉት ይህን ነው። ሁለተኛው አንገቱ ረጅምና ለስላሳ፣ ከላዩ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነው። ቶዮታ ለራሱ አሎይ ቸርኬዎች ለብዙ ዓመት የተጠቀመው ይህንን ነው። አንገቱ የቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ሮንዴላው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው የኳስ ቁራጭ የመሰለ ክብ ነው፣ ሆንዳና ቮልስዋገን ላይ ታገኙታላችሁ።

አሁን የቶዮታ ኦርጅናል አሎይ ገዝታችሁ የድሮውን ሾጣጣ ዳዶ ብታስሩበት ምን ይፈጠራል? ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ዳዶው ሾጣጣ። ስለዚህ የሚነካኩት በአንድ ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። ቁልፉ ላይ «ጠበቀ» የሚል ስሜት ይሰጣችኋል። ሲነዳ ግን ያ ቀጭን የአሉሚኒየም ጠርዝ ይጨፈለቃል፣ ዳዶው ይላላል፣ ቸርኬው ብሎኑን እየመታ ይቆርጠዋል። ተቃራኒውም ያው ነው። ባለ ሮንዴላውን ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ብታስሩት ሮንዴላው የሚያርፍበት ገጽ አያገኝም።

ለመፈተሽ ጠመኔ ይበቃል። የዳዶውን ማረፊያ ጠመኔ ቀቡት። ቸርኬውን ሞዞው ላይ ሰቅላችሁ ዳዶውን በእጅ፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ ብቻ አጥብቁት። ፍቱትና እዩ። ጠመኔው ከሾጣጣው ገጽ ዙሪያውን በሰፊው ከጠፋ ማረፊያው ትክክል ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ብቻ ከታየ ግን ያ ዳዶ የዚያ ቸርኬ አይደለም። ባለ ሮንዴላው ላይ ደግሞ ጠመኔው ከሮንዴላው ገጽ ሁሉ መጥፋት አለበት፣ ከአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ባለ አንገቱን ዳዶ ስትገዙ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ቸርኬውን መሬት ላይ አቁሙት። ዳዶውን ከፊት በኩል ሮንዴላው እስኪያርፍ አስገቡትና ከኋላ በጣታችሁ ቀዳዳውን ዳስሱ። አንገቱ ከቸርኬው ጀርባ ወጥቶ ጣታችሁን ከነካ ረዝሟል። ሞዞው ላይ ሲታሰር አንገቱ ቀድሞ ሞዞውን ይገፋል፣ ሮንዴላው ግን ቸርኬውን አይጫነውም። ውፍረቱም ቀዳዳው ውስጥ ሳይጨናነቅም ሳይንገጫገጭም የሚገባ መሆን አለበት።

ከዚያ ዙር ቁጠሩ። አሎይ ሞዞው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከብረት ቸርኬ በጣም ይወፍራል። ስለዚህ ለዳዶው የሚተርፈው የብሎን ርዝመት ያጥራል። ቸርኬውን ስቀሉና ዳዶውን በእጅ እያዞራችሁ ጥርስ ከያዘበት ጀምሮ እስኪያርፍ ቁጠሩ። በ1.5 ጥርስ 8 ሙሉ ዙር ማለት 12 ሚሊሜትር ነው፣ የብሎኑን ውፍረት ያህል። ያን ያህል ከያዘ ልባችሁ ይረፍ። አራት አምስት ዙር ላይ ከቆመ ግን ወይ ዳዶው ሌላ ዓይነት ነው፣ ወይ ረዘም ያለ ብሎን ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በእጅ ነው የምትሠሩት። የ1.25 ዳዶ 1.5 ብሎን ላይ አንድ ሁለት ዙር ሄዶ ይይዛል። በእጅ ከሆነ ወዲያው ትነቃላችሁ። በአየር የሚሠራው መፍቻ ግን ምንም ሳይነግራችሁ ጥርሱን በልቶት ይገባል።

ጫፉ የተደፈነና የሚያብረቀርቅ ዳዶ ከመረጣችሁ ውስጡን በቀጭን እንጨት ለክታችሁ ብሎኑ ጫፉን እንዳይነካ አረጋግጡ። ብሎኑ ከነካው ዳዶው ይቆማል፣ ቸርኬው ግን አልተያዘም። የቸርኬው ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ራሱ ገብቶ መውጣቱን እዩ፤ አንዳንዱ አሎይ ቀጭን ቁልፍ ካልሆነ አያስገባም። ሌባ የሚፈራ ሰው በየቸርኬው አንድ ቆላፊ ዳዶ ይጨምራል። የቆላፊውም ማረፊያ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። የራሱን መፍቻ ደግሞ ከመኪናው አትለዩት።

ስፔሰር የሚባለውን፣ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ድፍን ሰሌዳ፣ ሰው ለሚጭን ሚኒባስ አልመርጠውም። ቸርኬው ያለ እሱ የማይገጥም ከሆነ ቸርኬው የእናንተ አይደለም።

የጎማው ልክ

15 ኢንች ላይ 195/80 የነበረ ጎማ አጠቃላይ ቁመቱ 693 ሚሊሜትር ያህል ነው። ወደ 16 ከሄዳችሁ 215/65፣ ወደ 17 ከሄዳችሁ 215/60 ያንኑ ያህል ቁመት ይሰጣሉ፣ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የፍጥነት ቆጣሪው አይዋሽም። ከቁመቱ በላይ ግን የጭነት ቁጥሩን እዩ። 106/104 የተጻፈበት ጎማ ለብቻው ሲገጠም 950 ኪሎ ይችላል። 91 ከሆነ 615 ብቻ ነው፣ ያ የቤት መኪና ጎማ ነው። ከልኩ በኋላ «ሲ» ወይም «ኤልቲ» የሚል ፈልጉ።

ጎሚስታው ባላንስ ሲሠራ የሚመታውን እርሳስ ሳይሆን የሚለጠፈውን ይጠቀም። የሚመታው የአሎዩን ጠርዝ ይጎዳዋል። ካላማዳሪያ እንዲያስገባላችሁም አትፍቀዱ። አዲሱ ቸርኬ አየር የሚያስወጣ ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ።

መግጠም

ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የማይነሳውን ጎማ ከፊትና ከኋላ ታኮ አድርጉበት። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ትንሽ አላሉ። ከዚያ በክሪክ አንሱና ቋሚ ድጋፍ ከስር አስገቡ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

አሮጌው ቸርኬ ሞዞው ላይ ከተጣበቀ በእግር አትምቱት። ከኋላ በኩል በጎማ መዶሻ ወይም በእንጨት ዙሪያውን እያዞራችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ይለቃል።

አሁን ጊዜ ውሰዱ። የሞዞውን ገጽ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። የአሮጌ ሃይኤስ የኋላ ታምቡር ላይ የዝገት ቅርፊት በብዛት ይገኛል፣ በተለይ በብሎኖቹ ሥርና በእምብርቱ ዙሪያ። እዚያ የቀረ አንድ ቅርፊት ቸርኬውን ያዘነብለዋል። በኋላ ሲደቅ ደግሞ ዳዶው ይላላል። ታምቡሩን በብሎኖቹ ላይ የያዘ ቀጭን ቆርቆሮ ወይም ከገጹ ከፍ ያለ ቡሎን ካለም እዩት። የብረት ቸርኬው ለሱ ቦታ ነበረው፣ አሎዩ ላይኖረው ይችላል። የቸርኬውን ማረፊያም ጥረጉ። አዲስ ቀለም በወፍራሙ የተቀባ ከሆነ ማረፊያው ላይ ያለውን አንሱት። እምብርቱ ላይ ስስ ግራሶ መቀባት ዝገት ይከላከላል። ብሎንና ዳዶ ላይ ግን ግራሶም ዘይትም እንዳይነካ። የቶዮታ መመሪያም ይህንኑ ይከለክላል። ቅባት ያለበት ዳዶ በተመሳሳይ ጉልበት ከልኩ በላይ ይጠብቅና ብሎኑን ይስበዋል።

ቸርኬውን ስቀሉና በእጃችሁ እየያዛችሁ ዳዶዎቹን ሁሉ በጣት አስገቡ። ፊት ከሆነ ጎማውን አዙሩ። ከፍሬኑ ካሊፐር ጋር በሁሉም ቦታ ክፍተት መኖሩን፣ የተለጠፈው እርሳስም እንደማይነካ እዩ። መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ አዙራችሁ እንደገና ሞክሩ።

አጠባበቁ በፊት ለፊት ነው። ስድስት ብሎን ከሆነ አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን። አምስት ከሆነ አንድ እየዘለላችሁ፣ ኮከብ እንደምትሥሉ። መጀመሪያ ሁሉንም በትንሹ፣ ከዚያ ጎማው መሬት ነካ እንዲያደርግ ዝቅ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው።

ስንት ድረስ? መመሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ተከተሉ። ለብረትና ለአሎይ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ለ12 ሚሊሜትር ብሎን ብዙ ጊዜ 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ቶርክ ሬንች (የሚያጠብቅበትን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ከጠፋ ግን ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል መጫን ወደዚያ ያደርሳችኋል። አሁን ረዳቱ አንድ ሜትር ፓይፕ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ሲቆምበት አስቡት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሆነ ወደ 700 ኒውተን ሜትር፣ ሰባት እጥፍ ነው! ብሎኑ ያን ጊዜ ባይቆረጥ እንኳ ተስቦ ይቀራል፣ መንገድ ላይ ይጨርሳል። ጎሚስታው ፓይፕ ሲያነሳ ካያችሁ «ወንድሜ፣ እሱን ተወው፣ በቁልፉ ብቻ እሰርልኝ» በሉት። ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።

ከገጠሙ በኋላ

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ፣ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ፣ እያንዳንዱን ዳዶ በዚያው ልክ ደግማችሁ ፈትሹ። ትንሽ መጥበቅ ያለ ነው። በሚቀጥለው ሳምንትም ድገሙት። ሁልጊዜ የሚላላ አንድ ዳዶ ካለ ግን በማጥበቅ አትሸንግሉት፤ አውልቁና ማረፊያውን እዩ። በዳዶው ዙሪያ ግራጫ ዱቄት ወይም የተላጠ የሚያበራ ቦታ ካገኛችሁ ቸርኬው ሲንቀሳቀስ ነበር ማለት ነው። መኪናውን እዚያው አቁሙት።

አስፋልት ላይ ፈጠን ስትሉ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ባላንሱን አስደግሙ። ባላንሱ ተሠርቶም ካልተወው ቸርኬው መሃሉን ስቷል። ቀለበቱንና የሞዞውን ገጽ ተመልከቱ።

ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አትርሱ። ከስር የተንጠለጠለው አሁንም የብረት ቸርኬ ነው። ባለ ሮንዴላ ዳዶ ከገጠማችሁ የዳዶውን የአንገት ጫፍ እዩት። ከቶዮታ ኦርጅናል ዳዶዎች አንዳንዶቹ ጫፋቸው ሾጣጣ ስለሆነ የብረት ስኮርታውንም ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ የሚያርፈው ሾጣጣው ነው እንጂ ሮንዴላው አይደለም። ጫፉ ቀጥ ያለ ከሆነ ግን የብረት ቸርኬውን አያስርም። ከድሮዎቹ ሾጣጣ ዳዶዎች ደህና ደህናውን ስድስት መርጣችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከክሪኩ ጋር አስቀምጡ። መኪናውን የሚነዳው ሌላ ሰው ከሆነም ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ንገሩት።